ሀሁ ያለ ሁሉ አነበበ ወይ?

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የተጓዘ ሰው ወረታን በሁለት ነገር ያውቃታል። አንደኛ፣ መገንጠያ ናት፤ ወደ ደብረ ታቦር፣ ብሎም ወደ ወልድያ የሚወስደው መንገድ ከእሷ ይነሣል። ሁለተኛ፣ የሩዝ አገር ናት። ከከተማዋ ወጣ ሲሉ ርብና ጉማራ በክረምት እየሞሉ የሚተኙበት፣ እስከ ጣና ዳር የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ ይቀበላችኋል። ስለ ሩዙም ስለ ፎገራ ከብትም ብዙ ተብሏል። እኛ ዛሬ ሜዳውን የምናነሣው ግን በሌላ ጉዳይ ነው፦ ሰው እንዴት ይማራል?

ይህን ጥያቄ ሥራዬ ብሎ የያዘ የዕውቀት ዘርፍ አለ፤ የትምህርት ሥነ ልቦና ይባላል። ዩኒቨርሲቲ የገባን ሁሉ ዘመዱን እናውቀዋለን፤ ፍሬሽማን ሳለን የወሰድናት «ጄኔራል ሳይኮሎጂ» ናት። እስቲ ከእሷ ምን ታስታውሳላችሁ? የፓቭሎቭ ውሻ ደወል ሲሰማ ምራቁ እንደሚዝረበረብ። የስኪነር አይጥ ምግብ ለማግኘት ማንሻ እንደምትጫን። ፒያዤ የልጆችን አስተሳሰብ በአራት ደረጃ እንደከፈለ። ሸመደድን፣ ተፈተንን፣ ረሳን። ስለ መርሳት የሚያወራውን ምዕራፍ ራሱ ረሳነው።

ነገሩ ቀልድ ብቻ ቢሆን ስቀን ባለፍነው። ግን አይደለም። አገራችን ባለፉት ሃምሳ ዓመታት ስለ መማር የሚናገሩ ሐሳቦችን ደጋግማ ከውጭ አስገብታለች። የገቡት ግን እኛ ሳይኮሎጂን በተማርንበት መንገድ ነው፤ በቃል ተይዘው። መመሪያ ሆነው ወጡ፣ ሥልጠና ሆነው ተሰጡ፣ ፈተና ሆነው ተጠየቁ፤ ክፍል ውስጥ የተቀመጠውን ልጅ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሳያገኙት ቀሩ። የሚገርመው ደግሞ ከሐሳቦቹ አንዳንዶቹ የሚሉትን ነገር፣ ስማቸውን ሳይሰሙ ሲሠሩበት የኖሩ ሰዎች በዚሁ ሜዳ ዙሪያ መኖራቸው ነው።

አቡጊዳ የሚሠራው ሥራ

ደቡብ ጎንደር የአብነት ትምህርት አገር ነው። ድጓ ለማስመስከር ቤተልሔም ይኬዳል፤ ዝማሬና መዋሥዕት ለመማር ዙር አምባ ይወጣል፤ ለአቋቋም ደብረ ታቦር አለ። ከእነዚህ ትላልቅ ጉባኤ ቤቶች በፊት ደግሞ የንባብ ቤት አለ። ሕፃናት በየደብሩ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ፊደል የሚቆጥሩበት ማለት ነው።

እዚያ የሚሆነውን ልብ ብለን እንይ። ልጁ መጀመሪያ ፊደሉን በተራ ይቆጥራል፤ ሀ፣ ሁ፣ ሂ፣ ሃ እያለ። ዜማ አለው፤ ዜማ ያለው ነገር ደግሞ ቶሎ ይያዛል። ችግሩም የሚመጣው ከዚሁ ነው። ዜማውን የያዘ ልጅ ገበታውን ሳያይ እስከ መጨረሻው ሊወርደው ይችላል። ጣቱ «ሚ» ላይ ሆኖ አፉ «ሞ» ላይ ይደርሳል። ከሩቅ ለሰማው ልጁ ያነባል፤ ቀረብ ብሎ ላየው ግን ይዘፍናል።

የአብነት ትምህርት ቤቱ ለዚህ መድኃኒት አለው። አቡጊዳ ይባላል፤ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ። ፊደሎቹ ያው ናቸው፤ ቅደም ተከተላቸው ግን ተበውዟል። እያንዳንዱ ፊደል ከቤተሰቡ ተነጥሎ የማያውቀው ሰፈር ተቀምጧል። እዚህ ላይ የሀሁ ዜማ አያድንም። ያወቀ ያነባል፤ ያላወቀ ይቆማል። መምህሩም ልጁ የት ላይ እንደቆመ በዓይኑ ያያል። የዛሬ ባለሙያዎች አንድ ዕውቀት በእርግጥ መያዙ የሚታወቀው ከለመደበት ቦታ ወጥቶ በአዲስ ቦታ ሲሠራ ነው ይላሉ። አቡጊዳ ይህን ፈተና ለአምስት ዓመት ልጅ ሲያቀርብ ኖሯል።

ሁለተኛው ነገር ድግግሞሹ ነው። ልጁ ከአቡጊዳ ወደ መልእክተ ዮሐንስ፣ እያለ እያለ ወደ ዳዊት ይሻገራል። አንዱን ጽሑፍ አንዴ አንብቦ አይተወውም፤ በግዕዝ ንባብ፣ በውርድ ንባብ፣ በቁም ንባብ እየተመላለሰ ይሄድበታል። በቃል የሚያዘው ትምህርት ደግሞ ማታ ማታ፣ ያለ መጽሐፍ ይሰጣል፤ ልጁ የያዘውን ከራሱ አውጥቶ ማለት አለበት። ሄርማን ኤቢንግሃውስ የተባለው ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1885 የሰው ልጅ አዲስ የያዘውን በምን ፍጥነት እንደሚረሳና እየቆየ ሲደግመው እንዴት እንደሚጸናለት በራሱ ላይ ሞክሮ ጻፈ። እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ተመራማሪዎች አሜሪካ ውስጥ አንድን ጽሑፍ ደጋግመው ያነበቡ ተማሪዎችንና አንብበው ከአእምሯቸው ለማውጣት የሞከሩትን አወዳደሩ። ከሳምንት በኋላ የተሻለ ያስታወሱት ከአእምሯቸው ያወጡት ነበሩ። ለኛ ለደብተር አስማሪዎች ጥሩ ዜና አይደለም።

ሦስተኛው፣ በአብነት ትምህርት ቤት «ስንተኛ ክፍል ነህ?» የሚባል ነገር የለም። ጥያቄው «የት ደረስህ?» ነው። የአሥር ዓመቱ ልጅ ፊደል ላይ፣ የስምንት ዓመቱ ዳዊት ላይ ሊሆን ይችላል፤ ማንም አይደነቅም። ያላወቀ አይሻገርም፤ ያወቀ አይጠብቅም። ቤንጃሚን ብሉም የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው ጽሑፍ የተናገረው ከዚህ ብዙም አይርቅም። ጊዜውን ለሁሉም እኩል አድርገን ውጤቱ እንዲለያይ ከምንተው፣ ውጤቱን እኩል ለማድረግ ጊዜውን እንደ ልጁ እናድርገው ነው ያለው።

አራተኛው፣ መምህሩ አንድ ነው፤ አስተማሪው ግን ብዙ ነው። ዳዊት የደገመው ፊደል የሚቆጥረውን ያስቆጥራል፤ ከፍ ባለው ጉባኤም የበቃው ተማሪ ለታናሹ ያስቀጽላል። በ37 ዓመቱ እ.ኤ.አ. በ1934 የሞተው ሩሲያዊ ሌቭ ቪጎትስኪ፣ ልጅ ብቻውን ከሚችለው አንድ እርምጃ አለፍ ያለውን ነገር የሚችለው የተሻለ የሚያውቅ ሰው አብሮት ሲሆን ነው ብሎ ነበር። ትናንት እዚያው ደረጃ ላይ የነበረ ልጅ የታናሹ ስሕተት ከየት እንደመጣ ለማየት ከሊቁ ይልቅ ሊቀርበው ይችላል።

እዚህ ላይ ግን ቆም እንበል። አብነት ትምህርት ቤቱን ገነት አድርጎ መሳል ይቀናናል፤ አልነበረም። አለንጋው ነበር። የቆሎ ተማሪው ረሃብና የውሻው ንክሻ ነበር። ልጁ የሚያነበውን ግዕዝ ለዓመታት ሳይረዳው ያነብ ነበር። ከሁሉም በላይ ደግሞ እኛን መሰል ሴት ልጆች ከጥቂቶች በቀር በዚያ ጥላ ሥር ቦታ አልነበረንም። ስለዚህ «ወደ ጥንቱ እንመለስ» የሚል ሰበካ የለንም። የምንለው ትንሽ ነገር ነው፦ ልጁ መያዙን ሳያረጋግጡ አለማለፍ ከውጭ የመጣብን ዕዳ አይደለም፤ ስንሠራበት የኖርነው ነገር ነው።

የናበጋው አለቃ

ፎገራ በትምህርት ታሪክ ውስጥ የራሷ ሰው አላት፤ አለቃ ገብረ ሐና። አብዛኞቻችን የምናውቃቸው በቀልዳቸው ነው፤ የሳቸው ያልሆነ ቀልድ እንኳ በሳቸው ስም ይነገራል። በ19ኛው መቶ ዘመን የኖሩት አለቃ ትውልዳቸው ፎገራ ውስጥ ናበጋ ጊዮርጊስ ነው። ሙያቸው ደግሞ ቀልድ ሳይሆን መምህርነት ነበር።

ከሥራዎቻቸው ሁሉ የቆየው አንድ የዝማሜ ስልት ነው። እንደሚነገረው አለቃ በጣና ዳር የደንገሉን መወዛወዝና የማዕበሉን መመላለስ ተመልክተው አዲስ የመቋሚያና የሰውነት እንቅስቃሴ አወጡ። የጎንደር ሊቃውንት ግን «ከአባቶቻችን ያልተቀበልነው ነው» ብለው አልወደዱትም። አለቃም አልተከራከሩም፤ ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት። ተክሌ ደብረ ታቦር ላይ አስተማረው፤ ከዚያ ተስፋፋ። ስልቱ ዛሬም የሚጠራው በፈልሳፊው ሳይሆን በተማሪው ስም ነው፤ የተክሌ ዝማሜ።

ይህን ታሪክ ያነሣነው ለጌጥ አይደለም። አዲስ የማስተማር ዘዴ በምን ይተላለፋል የሚለውን ስለሚመልስልን ነው። ስልቱ የጸናው በደብዳቤ ወይም በአዋጅ አይደለም፤ ከሚያውቀው ሰው አጠገብ ቆሞ፣ አይቶ፣ ሞክሮ፣ ተሳስቶ፣ ታርሞ ባወቀ አንድ ተማሪ ነው። ይህን ይዘን ወደ ዘመናዊው ትምህርት ቤት እንሻገር።

ባሕር ዳር ላይ የተተከለው

በ1964 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የትምህርቱን ነገር ከሥሩ ልመርምር ብሎ ተነሣ። ሰነዱ እስከ ዛሬ «ሴክተር ሪቪው» በሚለው ስሙ ይታወሳል። የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ለብዙኃኑ ይዳረስ የሚል ሐሳብ ነበረው። ሕዝቡ ግን የድኃው ልጅ ከአራተኛ ክፍል እንዳያልፍ የታሰበ አድርጎ ሰማው፤ መምህራኑም የደመወዛቸው ነገር አንገበገባቸው። በየካቲት 1966 መምህራን ሥራ አቆሙ፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቁታላችሁ።

ከወረታ በስተደቡብ 60 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው ባሕር ዳር የፔዳጎጂ አካዳሚ የተወለደው በዚያው ሰሞን ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 በኢትዮጵያ መንግሥት፣ በዩኔስኮና በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የሦስትዮሽ ስምምነት ተቋቋመ። ዓላማው መምህር ማፍራት ብቻ አልነበረም፤ መምህራንን የሚያሠለጥኑ መምህራንን፣ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን የሚቆጣጠሩ ሱፐርቫይዘሮችን ማውጣት ነበር። አካዳሚው ኋላ መምህራን ኮሌጅ ሆነ። በ1992 ዓ.ም. ደግሞ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ትብብር ከተከፈተው ፖሊቴክኒክ ጋር ተዋሕዶ የዛሬው ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተወለደ።

እንግዲህ የልጅ አእምሮ እንዴት እንደሚያድግ፣ ማበረታቻ ምን እንደሚሠራ፣ ፈተና እንዴት እንደሚወጣ የሚያስተምር ቤት ከፎገራ ሜዳ የአንድ ሰዓት መንገድ ላይ ከተከፈተ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል። ከዚያ ዕውቀት ስንቱ ወደ ሜዳው ወረደ?

ደርግ መጣ። በ1971 ዓ.ም. ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ታወጀ። ተማሪው ገበሬውን፣ አንዳንዴም ልጅ አባቱን ፊደል ያስቆጠረበት፣ በ15 ቋንቋዎች የተሠራ፣ ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኘ ዘመቻ ነበር። ከዘመኑ ክፉ ነገሮች መካከል በበጎ የሚነሣ ነው። በቀኑ ክፍል ውስጥ ግን ልማዱ ብዙም አልተለወጠም፤ መምህሩ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፣ ተማሪው ይገለብጣል።

ተማሪ ተኮር፣ በሌክቸር

ትልቁ የቃላት ለውጥ የመጣው በ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ነው። የአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ ተከታታይ ምዘና፣ ተማሪ ተኮር። በወረቀት ላይ ሲነበብ ፒያዤም ቪጎትስኪም ፈርመውበታል ያሰኛል። በ1995 ዓ.ም. ደግሞ «ቴሶ» በሚል ምሕጻር የሚታወቀው የመምህራን ትምህርት ማሻሻያ ወጣ፤ መምህሩ አስተማሪ ብቻ ሳይሆን አመቻች ይሁን ተባለ።

ታዲያ ይህ ሐሳብ ለመምህሩ በምን መንገድ ደረሰው? አዳራሽ ውስጥ ተሰብስቦ፣ ለሰዓታት ተቀምጦ፣ ሌክቸር እየተሰጠው። የተማሪ ተኮር ዘዴን ጥቅሞች ዘርዝር ተብሎ ተፈተነ፤ ዘርዝሮ አለፈ። ሀሁን በዜማ ወረደው እንጂ አቡጊዳ ላይ ማንም አላቆመውም። ስድሳና ሰባ ልጅ ባለበት፣ ወንበር በማይበቃበት፣ ርብ በሞላ ጊዜ መንገዱ በሚቆረጥበት ክፍል ውስጥ ዘዴውን እየሠራ ያሳየው ሰው አላገኘም። እንደ ተክሌ አጠገቡ ቆሞ የሚያርመው አባት አልነበረውም።

ከዚያ የባሰው መጣ። ተማሪው ማዕከል ይሁን ከተባለ ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በ1997 ዓ.ም. ፕላዝማ ሁለተኛ ደረጃ ክፍሎች ውስጥ ተሰቀለ። ከሳተላይት የሚወርደው አስተማሪ በእንግሊዝኛ ያስተምራል፤ አይሰማም፣ አያይም፣ አይቆምም። ለመምህሩ የቀረችው በመግቢያና በመዝጊያ ጥቂት ደቂቃ ናት። ጥያቄ ይጠየቅና «በጣም ጥሩ፣ መልሱ ይህ ነው» ይባላል፤ ክፍሉ ውስጥ ማንም ሳይመልስ። የፎገራ ገበሬ ልጅ እስከ ስምንተኛ ክፍል በአማርኛ ተምሮ ዘጠነኛ ሲገባ የጠበቀው ይህ ነው። ጎበዝ መምህር ባልነበረበት ቦታ ፕላዝማው ረድቷል የሚሉ አሉ፤ እውነትም አላቸው። ግን ልጁ የት ላይ እንደቆመ የማያይ አስተማሪ አቡጊዳን ሊያስቆጥር አይችልም።

እኛ ደግሞ የአንድ ለአምስት ትውልድ ነን። ጎበዝ ተማሪ አምስቱን ይርዳ የሚለው ሐሳብ በራሱ ክፋት የለውም፤ የንባብ ቤቱ ዳዊት ደጋሚም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ሆኖም ከላይ በኮታና በሪፖርት መልክ ወረደ፤ የፖለቲካ ሽታም ነበረው። ብዙ ቦታ መሪው ሠራ፣ አምስቱ ገለበጡ፣ ቅጹ ተሞላ። በንባብ ቤት ታላቁ ታናሹን የሚያስቆጥረው ታናሹ ራሱ መምህሩ ፊት ቀርቦ ስለሚያነብ ነው። ይህ መጨረሻው ሲወጣለት መረዳዳቱ ኩረጃ ሆነ።

ከሁሉም የሚያሳዝነው ግን በራሱ የማለፍ ነገር ነው። ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ያለ ልጅ እንዳይደግም የተወሰነው በበጎ ሐሳብ ነበር። መምህሩ በተከታታይ ይመዝነዋል፣ የጎደለውን ይሞላለታል፣ ስለዚህ መድገም አያስፈልገውም ነበር ስሌቱ። ሁለት እግር ያለው ሐሳብ ነው። አንዱ እግር፣ ማለፉ፣ ተሠራበት። ሌላው እግር፣ መሙላቱ፣ ጊዜና ሰው ስለሚጠይቅ ቀረ።

ውጤቱን በቁጥር እናውቀዋለን። በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች በአፍ መፍቻ ቋንቋ የተደረገው የንባብ ምዘና እንዳሳየው፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ የሚሆኑት ከቀረበላቸው አጭር ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ሁለት ዓመት ትምህርት ቤት ከዋሉ በኋላ ማለት ነው።

ከዚያ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ዘንድ እንምጣ። 50 በመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በተከታዩ ዓመት 3.2፣ ከዚያም 5.4። አገር ደነገጠ። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ በጥብቅ መሰጠቱ፣ ጦርነቱ፣ ኮቪድ፣ ሁሉም ድርሻ አላቸው። ነገር ግን በ2014 የተፈተኑት ልጆች በአብዛኛው ሁለተኛ ክፍል የነበሩት በ2004 ዓ.ም. ገደማ ነው። ጥያቄው «12ኛ ክፍል ምን ነካው?» ብቻ ሊሆን አይችልም። «ሁለተኛ ክፍል ማን አየው?» መባልም አለበት።

ሩዙን ማን አስተማረው?

እዚያው ሜዳ ላይ በዚሁ ዘመን ሌላ ትምህርት ተካሂዷል። ይህኛው ተሳክቷል።

ሩዝ ለፎገራ ገበሬ እንግዳ ነበር። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በጅግናና በሻጋ የገበሬ አምራች ማኅበራት ላይ አስጀመሩት። ማኅበራቱ ፈረሱ፤ ባለሙያዎቹ ሄዱ፤ ሩዙ ግን ቀረ። ውኃ እየተኛበት ክረምቱን ለሰብል የማይመቸው መሬት የሩዝ ማሳ ሆነ። ሜዳው ላይ የታወቀው ዝርያ እስከ ዛሬ የሚጠራው በቀበሌዋ ስም ነው፤ ኤክስ ጅግና። ሩዝ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ እንጀራ ሆነ። ወረታ የልማት ጣቢያ ሠራተኞችን ያፈራ የግብርና ኮሌጅ ኖራት፤ ዛሬ ደግሞ የብሔራዊ ሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል መቀመጫ ናት።

ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ ጭምር ይህን እንግዳ ሰብል እንዴት ተማረው? በዓይኑ አየ፤ በጎረቤቱ ማሳ ላይ። ቢሳሳት እንዳይራብ በትንሽ መሬት ሞከረ። ስሕተቱን ለማወቅ የዓመቱን መጨረሻ ፈተና አልጠበቀም፤ ማሳው ራሱ ነገረው። ያልገባውን የሚጠይቀው ሰው ከአጥር ማዶ ነበረ። አልበርት ባንዱራ እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተመው መጽሐፉ ሰው ብዙውን ነገር የሚማረው እንደሱ ያለ ሰው ሲያደርገውና ሲሳካለት በማየት ነው ብሎ አብራርቷል። የጅግናና የሻጋ ገበሬ መጽሐፉን አላነበበም፤ ሠርቶበታል።

አሁን ሦስቱን ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው፦ ንባብ ቤቱ፣ የተክሌ ዝማሜ፣ ሩዙ። በሦስቱም ውስጥ ተማሪው አይቶ ይሞክራል፣ ስሕተቱ ወዲያው ይታያል፣ ሳይዘው አያልፍም። በዘመናዊው ክፍላችን ግን ስሕተቱ የሚታየው ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በብሔራዊ ፈተና ነው። ያኔ ደግሞ ማሳው ታጭዷል።

ተመልሰው ሲመጡ

ይህን ሁሉ ዛሬ የምናነሣው ታሪክ ስለጣፈጠን አይደለም። በመጋቢት 2012 ኮቪድ ትምህርት ቤቶችን ዘጋ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ግጭት ምክንያት ሚሊዮኖች ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀው ቆይተዋል። አንድ ዓመት ያመለጠው አለ፤ ሁለትና ሦስት ያመለጠው አለ። ሰባት ዓመት ሊሞላት ስትል የተዘጋባት ልጅ አሥር ዓመት ሆኗት አንደኛ ክፍል ልትገባ ትችላለች።

እነዚህ ልጆች በተመለሱ ጊዜ የሚጠብቃቸው ጥያቄ «ስንተኛ ክፍል ነበርሽ?» ከሆነ ነገሩ ከወዲሁ አልቋል። አራተኛ ክፍል ነበርኩ የምትል ልጅ ዕድሜዋ ታይቶ አምስተኛ ትገባለች፤ የአምስተኛ ክፍል መጽሐፍ ይሰጣታል፤ መምህሩም ምዕራፉን ለመጨረስ ይሮጣል። አንብቢ ስትባል ጓደኞቿን ተከትላ በዜማ ትወርደዋለች። ከሩቅ ለሰማ፣ ታነባለች።

ሌላ መንገድ አለ፤ ተሞክሯልም። ሕንድ ውስጥ ፕራታም የተባለ ድርጅት ከሦስተኛ እስከ አምስተኛ ክፍል ያሉ ልጆችን በቀን ለተወሰነ ሰዓት ክፍላቸውን ትቶ በሚችሉት ይመድባቸዋል፦ ፊደል የሚለይ፣ ቃል የሚያነብ፣ አንቀጽ የሚያነብ፣ ታሪክ የሚያነብ። እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው አስነብቦ ይመድባል፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ደግሞ አስነብቦ ያሻግራል። እ.ኤ.አ. በ2019 ኖቤል የተሸለሙት አቢጂት ባነርጂና ኤስተር ዱፍሎ ከባልደረቦቻቸው ጋር ይህን ዘዴ በተደጋጋሚ መዝነውት፣ በደንብ ሲተገበር የልጆችን ንባብ እንደሚያሻሽል አሳይተዋል። ዓለም አዲስ ግኝት ብሎ አጨበጨበለት። የንባብ ቤት የኔታ ግን ነገሩን ቢሰሙ «ታዲያ ሌላ በምን ይመደባል?» የሚሉ ይመስለናል።

ለዚህ ፕላዝማ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ልጅ በተመለሰች ቀን አንድ መምህር አጠገቡ አስቀምጦ ተበውዞ የተጻፈ ፊደልና አጭር ጽሑፍ ያስነብባት፤ ለአንድ ልጅ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። ሁለተኛ፣ መምህሩ የመቆም መብት ይኑረው። ምዕራፍ ባለመጨረሱ የሚገመገም ሰው ያልገባውን ልጅ ሊጠብቅ አይችልም፤ ሰነፍ ስለሆነ ሳይሆን ስለሚቀጣበት። ሦስተኛ፣ መምህሩን በአዳራሽ መሰብሰቡ ይብቃና ዘዴውን የሚችል ባልደረባ ክፍሉ ድረስ ሄዶ፣ ከልጆቹ ጋር ሠርቶ ያሳየው። ገበሬው ሩዙን ያየው ማሳ ላይ ነው፤ በስላይድ ቢሆን ኖሮ ዛሬም ጓያ ይዘራ ነበር።

ይህ ሁሉ ሰላም ይፈልጋል፤ የደረሰ ደመወዝና ደብተር የሚገዛ ወላጅም ይፈልጋል። መምህሩ ራሱ የቤት ኪራይ እያሳሰበው «አመቻች ሁን» ማለት ቀልድ ነው። ሆኖም ሰላሙ በመጣ ማግስት በምን እንደምንጀምር ካሁኑ ካላሰብንበት የምንጀምረው በለመድነው ነው። የለመድነው ደግሞ ማለፍን ነው።

ሰፈራችሁ ውስጥ ትምህርት ያቋረጠ ልጅ ካለ፣ ወይም ቤታችሁ ሁለተኛ ክፍል የደረሰ ታናሽ ካላችሁ፣ ዛሬ ማታ አንድ ነገር አድርጉ። ሀሁን በል አትበሉት። ወረቀት አውጡና አሥር ፊደል በዘፈቀደ ጻፉ። ከዚያ ዝም ብላችሁ የት ላይ እንደሚቆም እዩ። የሚጀመረው እዚያ ላይ ነው።